ቱቦው ዝም ሲል

አንድ ነገር ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ። እኔ መፈረም እወዳለሁ። ደጄን አንኳኩቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው የማስተናግደው። ይህ ዓምድ ከነፎቶዬ መውጣት ከጀመረ ወዲህማ ባሰብኝ። እዚሁ ዓምድ ላይ እንዳጫወትኳችሁ፣ አንድ ቀን ቆጣሪ አንባቢው ባቀረበልኝ ወረቀት ላይ «ለውድ አንባቢዬ፣ ከፍቅር ጋር» ብዬ ፈረምኩለት። ሰውዬው አየት አደረገኝና «እመቤቴ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት ለውሃው ነው» አለኝ። ባለቤቴ ይህን ያላወራለት ሰው የለም።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለዚያ አይደለም፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ስለ ታናሽ እህቴ ነው። «ቱንቢ» እያልኩ የማነሣላችሁ እሷ ናት። ስሙን ያወጡላት ግንበኛው አባታችን ናቸው፤ ልጅ ሆና ቁልፍ በክር አንጠልጥላ እንደ ግንበኛ ቱንቢ የቤታችን ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ትለካ ነበርና። እንግድነት ሄደንም ትለካ ነበር፣ አሳፍራን ትመለሳለች። አሁን መሐንዲስ ሆናለች። ተራራውን በስቶ በሚያልፈው አዲሱ የመኪና ዋሻ ላይ ነው ሥራዋ። ሸለቆው ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ የምንገናኘው በደብዳቤ ነው። እሷው ፈቅዳልኝ ጥቂቶቹን እነሆ። ከእኔዎቹ ብዙውን ሐሜት፣ ከእሷዎቹም አንዳንዱን የቤት ጥያቄ ቆርጬ አውጥቻለሁ፤ እሱን ሌላ ጊዜ። «ወንድም ጋሼ» የምትለው ባለቤቴን ነው።

ሰኔ 2

እትዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? አባባ ጉልበታቸው ተሻላቸው? መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ፤ ያዘገየኝ ሥራ ነው፣ ንቀት አይደለም።

ለጠየቅሽኝ፦ አይ፣ ዋሻውን የምሠራው እኔ አይደለሁም። ለአማትሽም ለጎረቤቱም «ዋሻ ትቆፍራለች» ማለትሽን ተዪልኝ። የሚሠራው ኩባንያው ነው። በራሱ ገንዘብ ይሠራል፣ ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ያስከፍላል፣ በመጨረሻ ለመንግሥት ያስረክባል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። «ገለልተኛ መሐንዲስ» ነው የሚሉኝ። ደመወዜን እኩል ለእኩል ይከፍሉኛል፣ ሥራዬም አይቶ «ደህና ነው» ወይም «ደህና አይደለም» ማለት ብቻ ነው። እኔ ደህና ነው ሳልል መንገዱ ለሕዝብ አይከፈትም። ሁለት አባት ያለው ልጅ ሐኪም በዪኝ። ችግሩ፣ ልጁን ሲያመው ሁለቱም አባቶች «የምን ሕመም፣ ድግሱ ደርሶ የለ» ነው የሚሉት።

የምኖረው ኩባንያው ካምፕ ውስጥ ነው። አልጋው የኩባንያው፣ ሳህኑ የኩባንያው፣ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያደርሰው ሾፌርም የኩባንያው። ሥራ ስይዝ ቋሚ አድራሻዬ ብዬ ያንቺን ቤት የሞላሁት ለዚህ ነው። ለኔ የሚመጣ ወረቀት ወይ ቢሮዬ ወይ አንቺ ጋ ይገባል። አንድ ነገሬ እንኳ የነሱ አይሁን ብዬ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ዋሻው መሐል ላይ ከአለቱ ውሃ ይመጣል። ውሃው ከግድግዳው ጀርባ ወርዶ በአንድ ቱቦ እንዲወጣ ነው የተሠራው። ባለፈው ሳልፍ ግድግዳው አልቦት አየሁ። «እዚህ ጋ ክፈቱትና ጀርባውን ልየው» አልኩ። በነጋታው ስመጣ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። እትዬ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ፊቱን ፓውደር ተቀብቶ ሲጠብቅሽ ምን ትያለሽ?

ሥራው አለቀ የሚለውን ሪፖርት ሦስት ጊዜ አመጡልኝ፤ ስለዚያ ግድግዳ አንድ ቃል የለበትም። ሦስቴም ሳልቀበል መለስኩት። ጭቅጭቅ ወድጄ አይደለም። ውላችን እንዲህ ይላል፦ ሪፖርቱ በፊርማ ከደረሰኝ በኋላ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወምኩ፣ ዝምታዬ እንደ መስማማት ይቆጠራል። ካልደረሰኝ ግን ቀኑም አይጀምርም። ስለዚህ ግድግዳው እስኪከፈት ድረስ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የምዞረው።

አባባን ሳሚልኝ።

ቱንቢ

ሰኔ 9

ቱንቢዬ፣ የኔ ቀጭን፣

እኛ ደህና ነን። ጉልበታቸው እንደ ድሮው ነው፣ አፋቸው ግን ተሽሎታል። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዝምታው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ። «እኛ ‹ዝም አይነቅዝም› ሲባል ነው ያደግነው፤ በልጄ አሠሪዎች ዘንድ ግን ዝም ይነቅዛል ማለት ነው?» አሉ። ይነቅዛል አልኳቸው። ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ስለ አውቶቡሱ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ እውነት ነው። በምርቃቱ ቀን ከእንግዶች ሁሉ ቀድሞ ዋሻውን የሚያልፈው የኛ መጽሔት አውቶቡስ ነው፤ ዕጣ የወጣላቸው አንባቢዎች ይሳፈሩበታል። የሚነዳው ደግሞ ወንድም ጋሼሽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም። ይህን እንደምታውቂ አውቃለሁ፣ በቀን ሁለቴ ይነግረናልና። እኔ ከጎኑ ነኝ፤ አዲስ ጫማም ገዝቻለሁ፣ ዋጋውን ግን ለሱ እንዳትነግሪብኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፖስታሽ ላይ ሁለት ዓይነት ሙጫ ነበር። አንቺ አንዱን ነገር ሁለቴ የምትሠሪ ሰው አይደለሽም።

ሌላም የማልነግርሽ ነገር አለኝ። ደብዳቤሽ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር፤ አንቺን በሙሉ ስምሽ ጠርቶ የጠየቀ፣ ጫማው መስታወት የሚመስል፣ አነጋገሩ ማር። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ብነግርሽ ታበላሺዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። ስትመጪ በዓይንሽ ታይዋለሽ።

እትዬሽ

ሰኔ 14

እትዬ፣

ስለ ሙጫው አትጠይቂኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠይቂኝ። ይህን ደብዳቤ ይዛ የምትወርደው የካምፑ ነርስ ናት፤ ከእንግዲህ የምትጽፊልኝም በሷ ስም ይሁን። የኩባንያውን ሾፌር ማስቸገር ሰልችቶኛል።

እንዴት ነሽ ላልሽኝ፣ ይኸው ተንከባክበውኛል። ያ ጨዋው የምንለው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ትዝ ይልሻል? ሲሳደብ እንኳ «ይቅርታ» ብሎ የሚጀምረው። አንድ ሳምንት ሆነው፣ ስለ ሪፖርቱ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። በር በዘጋሁበት ቁጥር ሌላ ኮፒ ይዞ ይመጣ የነበረው ሰውዬ አሁን ሲያገኘኝ ስለ አየሩ ያወራኛል። ትናንት ቢሮዬ ገብቶ ወንበሬን ነካ ነካ አደረገና «ይቅርታ፣ ይህ ወገብ ይጎዳል» ብሎ አዲስ አስመጣልኝ። የመንግሥት ተወካዩም «ልጄ፣ ደክሞሻል፣ ለሁለት ሳምንት ወጣ በዪ» ይለኛል። ሰው ሲጣላኝ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እንዲህ ሲሆኑ ግን ወንበሩ ላይ ተደላድዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ግድግዳውን አልከፈቱትም። በየጠዋቱ ቱቦው አጠገብ ቆሜ አዳምጣለሁ። ዝናቡ ገብቷል፣ ተራራው ጠጥቷል፤ ከቱቦው የሚወጣው ግን እያደር እየቀነሰ ነው። መጨመር ነበረበት።

ስለ እንግዳሽ፣ እባክሽ ባል ፍለጋውን ተዪኝ። ማንም ይሁን፣ ውሃ አጠጪና ሸኚው። አንድ ነገር አምጥቶም ከሆነ መልሺለት። መቼም አልተቀበልሽም።

ቱንቢ

ሰኔ 18

ቱንቢዬ፣

«መልሺለት» ብለሽ ታዥኛለሽ? አልመልስም። እንዲህ ያለ ሰው በየቀኑ ደጅ አይመጣም። ካነሣሽውማ ልንገርሽ፦ ስጦታ አምጥቷል፣ በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለ፣ ከባድ። መጽሐፍ ይመስለኛል፤ የተማረ ሰው ነው አልኩ በሆዴ። «ታላቅ እህቷ ነዎት? ዓምድዎን ሳላነብ አልውልም» አለኝ። እንግዲህ ምን ልበልሽ። «ለማስታወሻ ያህል ይፈርሙልኝ» ሲለኝ ሁለት ቦታ ፈረምኩለት፣ አንደኛውን ከነጌጡ። ኮቱ ላይ የምታምር ትንሽ ፒን ሰክቷል፣ ተራራ መሐል የሚገባ መንገድ የተሣለባት። እሽጉ ቁምሳጥኑ ላይ ነው፤ አባባ መድኃኒታቸውን ያስቀምጡበታል።

ወንድም ጋሼሽ ዋሻውን እንዴት አገኘው ላልሽኝ፣ ሁለት ጊዜ ለሙከራ አልፎበታል። በመጀመሪያው ጊዜ «ውጭ ፀሐይ ነው፣ ውስጥ ስገባ ግን የመስታወት መጥረጊያ አበራሁ» ብሎ እየሳቀ ነገረኝ። ከግራ በኩል ይረጨው ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም፤ «አሁን ደርቋል፣ ተረጋግተሽ ተኚ በላት» ብሎሻል። እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል አይደል?

እትዬሽ

ሰኔ 23

እትዬ፣

እሽጉን ክፈቺው። አሁን፣ ይህን ሳትጨርሺ።

ከፈትሽው? የዋሻው ሪፖርት ነው። ፒኗ ላይ ያለው ሥዕል በካምፑ በር ላይ፣ በሳህኑ ላይ፣ በትራስ ልብሴ ላይ በየቀኑ የማየው ነው። የመጣው ደብዳቤዬ ሊደርስሽ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ብለሽኛል፤ ሰኔ 7 ማለት ነው። ከዚያ ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስቱ ቀን ትናንት ሞልቷል።

ዛሬ ጠዋት መቃወሚያዬን ጽፌ ለጨዋው ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «ይቅርታ፣ ትናንት ቢሆን ኖሮ» አለኝ። ሪፖርቱ በቋሚ አድራሻዬ፣ በቤተሰቤ ፊርማ ደርሶኛል፤ ዝም ብያለሁ፤ ስለዚህ ተስማምቻለሁ። ዋሻው ደህና ነው ብያለሁ ማለት ነው። ምርቃቱ ሐምሌ 5 እንዲሆን ተቆርጧል።

አንቺን አልወቅስም። የት እንደምትኖሪ በገዛ ሾፌራቸው እጅ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደማልቀበልም ጭምር። አንዱን ፖስታ ሁለቴ ያሸጉት ያንን ካነበቡ በኋላ ነው።

ደርቋል ስላልሽው አሁን አልጽፍም። ቱቦውን ሄጄ ላዳምጥ።

ቱንቢ

ሰኔ 26

እህቴ፣

ምን ብዬ ልጀምር። ሰላምታ ለመጻፍ እንኳ አፈርኩ። አባባ መድኃኒታቸውን ከእሽጉ ላይ አንሥተው መሬት አስቀመጡትና እስካሁን ከዚያው ነው የሚወስዱት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሂጂ ባትይኝም ሄድኩ። ውሉን የያዘው የመንግሥት ቢሮ ኃላፊዋ ሴት ናት፣ ደግነቷ ፊቷ ላይ የተጻፈ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም፤ እኔ ደግሞ ቆጣሪ አንባቢ ቢመጣም የምፈርም ሰው ነኝ» አልኳት። ሳቀች። «እሱንማ በዓምድዎ አንብቤው ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት» አለችኝ። ከዚያ ውሉን አውጥታ አሳየችኝ። አድራሻው ላይ ያለ ለአካለ መጠን የደረሰ ቤተሰብ፣ ይላል። «መንግሥትም ፈልጎታል፣ ኩባንያውም ፈልጎታል፤ እህትዎም አልተቃወሙ። ሁሉም ሰው የተስማማበትን ነገር ምን ልበልዎ?»

ስለ ግድግዳው ነገርኳት። «መሐንዲስ አይደለሁም» አለች። እኔም አይደለሁም። እዚያ ክፍል ውስጥ መሐንዲስ የሚባል አልነበረም፣ ቱንቢ። መሐንዲሷ አንቺ ነበርሽ።

ልወጣ ስል ከመሳቢያዋ መጽሔቱን አውጥታ ብዕር ጨመረችልኝ። «ለልጄ ይፈርሙልኝ።» እጄን አላነሣሁም። መጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስተካክዬ አስቀምጬላት ወጣሁ።

ወንድም ጋሼሽ አልነዳም ብሎ ነበር። እሱ ቢቀር ሌላ ሾፌር ተዘጋጅቷል አሉት። ምን እናድርግ? አንቺ ያልሽውን እናደርጋለን። ይቅር በዪኝ አልልሽም፣ ገና ነው።

እትዬሽ

ሐምሌ 1

እትዬ፣

ይቅርታሽን ለኋላ አስቀምጪው፣ አሁን ጊዜ የለንም። ወንድም ጋሼ ባለበት አንብቢው።

ቱቦው ዝም ብሏል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠብታ የለውም። ካምፑ በሙሉ ደስ ብሎታል፤ «ደረቀ» እየተባባሉ ይጨባበጣሉ። ውጭ ግን ዝናቡ አላባራም። የሚወርድ ውሃ አያስፈራኝም፣ የት እንደሚሄድ አያለሁና። የሚያስፈራኝ መጥቶ የማይወጣው ነው። ከዚያ ነጭ ግድግዳ ጀርባ ተጠራቅሟል። ዛሬ ሊገፋው ይችላል፣ በሚመጣው ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ ተሰልፎ በሚያልፍበት ቀን ግን እድሉን አልሞክርም።

ለጨዋው ነገርኩት። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ይበሳና ውሃው ይውጣ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። «ይቅርታ፣ ከምርቃቱ በፊት እናስበሳዋለን» አለኝ። በጽሑፍ ስጠኝ አልኩት። «በኛ መካከል ጽሑፍ ምን ያደርጋል» አለ። ይህን ያለው ጽሑፍ ብቻ የሚሰማው ሰው ነው። ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ባያደርገው ማስቆም አልችልም፤ ሥራዬ በውሉ መሠረት አልቋል፣ የመግቢያ ባጄንም ወስደዋል። ለምርቃቱ ግን እንግዳ አድርገው ጠርተውኛል፣ ሁለተኛ ረድፍ፣ ወንበሩ ላይ ስሜ አለ።

ስለዚህ ስሙኝ። ጠዋት ካምፑ ካደሩት እንግዶች ጋር ዋሻውን በእግር ያስጎበኙናል፣ ግድግዳውን በዓይኔ አየዋለሁ። ከዚያ እናንተ ስትመጡ በዋሻው አፍ በግራ በኩል እቆማለሁ፣ ቢጫ ሄልሜት ይዤ። ቀዳዳው ተበስቶ ውሃው ሲወርድ ካየሁ ሄልሜቱ ራሴ ላይ ነው፤ እለፉ። ካልተበሳ ሄልሜቱ በእጄ ነው። ያኔ ወንድም ጋሼ ዋሻው አፍ ላይ አውቶቡሱን አግድም ያቁመውና ተበላሸ ይበል። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ሊፈትሹት ሲመጡም ቁልፉ ይጥፋበት።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን አንተን መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ያልቆመ ሰው ቆሜያለሁ ቢል ማን ውሸቱን ነው ይለዋል?

አባባን ሳሚልኝ። ስለ ዋሻው ከጠየቁሽ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው በያቸው። ቀጥ ማለቱ ቢበቃ ጥሩ ነበር።

ቱንቢ

ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ባለቤቴ የመጨረሻውን ሁለቴ አስነበበኝ። ከዚያ ወጥቶ አውቶቡሱን ሲያጥብ ዋለ፣ በዚያ ዝናብ። ሲመለስ «እንግዲህ ‹እሱም ቆመ› ይሉኛላ» አለና ፎጣ ጠየቀኝ።

ዕጣ ለወጣላችሁ አንባቢዎቼ፣ ትናንት በስልክ «ወንበሮቹ ገና ስላልተጠገኑ ጉዞው ተራዝሟል» ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ወንበሮቹ ደህና ናቸው። ባዶ እንዲሆኑ ፈልጌ ነው። አዘጋጃችን ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ፤ ቀድሞ ለራሱና ለሚስቱ የያዘውን ሁለት ቦታ ሰረዘና «ጠዋት ላይ ይውጣ፣ አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ» አለ። ስለዚህ መጽሔቱ እጃችሁ ሲገባ እኛ ሸለቆውን እየወረድን ነው፤ ስልክ የማይሠራበት ላይ ደርሰናል። ከኋላችን የእንግዶች መኪናዎች አሉ፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ ባንዲራ የያዙ ተማሪዎችን የጫኑ ሦስት አውቶቡሶች። ቱንቢ የፈራችው ለነሱ ነው።

እኔ ከሾፌሩ ጎን ነኝ። አዲሱን ጫማ አላደረግሁም፤ መሮጥ ቢመጣ አይመችም። ዓይኔን ከግራው በኩል አልነቅልም። ሄልሜቱ ራሷ ላይ ይሁን እጇ ላይ፣ ያየሁትን አንድ በአንድ እጽፍላችኋለሁ። ብቻ አንድ ነገር አደራ፦ በሚመጣው ሳምንት ይህ ገጽ ባዶ ሆኖ ብታገኙት፣ ዝምታዬን እንደ መስማማት አትቁጠሩብኝ።